የእርዳታ ገንዘብዎ በየት በኩል ያልፋል?

[ተራኪ]

እ.ኤ.አ. በ2023 ቱርክንና ሶሪያን ርዕደ መሬት በመታበት ሰሞን፣ በፍርስራሽ መካከል ሕፃን ያቀፈ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ምስል ክሪፕቶ ከሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መቀበያ አድራሻ ጋር በማኅበራዊ ሚዲያ ይዘዋወር ነበር። አንጀት የሚበላ ምስል ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን የሰውየው ቀኝ እጅ ስድስት ጣቶች ነበሩት፤ ምስሉ የተፈጠረው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበርና።

ዛሬ ጣት መቁጠር ብዙ አያዋጣም፤ የእነዚህ ምስሎች እንከን እየጠፋ ሄዷል፣ በሌላ አደጋ ጊዜ የተነሣ እውነተኛ ፎቶም ለማታለያ ይውላል። ይልቅስ ሊመረመር የሚገባው ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ መንገዱንም መምረጥ ያለበት ሰጪው እንጂ ጠያቂው አይደለም። ስለዚህ የእርዳታ ጥሪ በመልእክት ወይም በስልክ ሲደርስዎ፣ የተላከልዎትን ሊንክ ሳይነኩ፣ ድርጅቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በሚመዘግበው የመንግሥት አካል ዘንድ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ስሙንም ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ የታወቀ ድርጅትን ስም ወስዶ አንዲት ቃል መለወጥ የቆየ ዘዴ ነው።

የክፍያው ዓይነትም ብዙ ያሳብቃል። አስቀድሞ ገንዘብ የተሞላበትን የስጦታ ካርድ ቁጥር በስልክ እንዲያነቡለት ወይም ክሪፕቶ እንዲልኩለት የሚወተውት ሰው፣ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ የሆነበትን መንገድ መርጦልዎታል፤ በክሬዲት ካርድ የተከፈለን ግን በባንኩ በኩል መከራከር ይቻላል። «ዛሬውኑ ካልላኩ» የሚል ጥድፊያም ሊያጠራጥርዎ ይገባል፤ እውነተኛ ድርጅት የነገውንም ስጦታ ይቀበላል።

መመዝገብ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከ50ዎቹም ግዛቶች ጋር ሆኖ፣ ለካንሰር ሕሙማን እንረዳለን ይሉ የነበሩ አራት ድርጅቶችን፣ ከ2008 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ከ187 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከለጋሾች አታለው ሰብስበዋል ሲል ከሷል። በክሱ እንደተዘረዘረው ገንዘቡ ለመዝናኛ ጉዞ፣ ለኮሌጅ ክፍያ፣ ይባስ ብሎም ለፍቅር ጓደኛ ማፈላለጊያ ድረ ገጽ አባልነት ሳይቀር ውሏል። ከፍ ያለ ገንዘብ ለመስጠት ያሰበ ሰው እንግዲህ የድርጅቱን ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርት ከፍቶ፣ ለተረጂዎች የዋለውንና ለገንዘብ አሰባሳቢዎች የተከፈለውን ቢያነጻጽር ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

አስቀድመው ልከው ከሆነ መልእክቶቹን ሳያጠፉ ወዲያውኑ ባንክዎን ያነጋግሩ፣ ለፖሊስም ያመልክቱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት «ገንዘብዎን እናስመልስልዎታለን፣ ቅድሚያ የአገልግሎት ክፍያ ይክፈሉ» የሚል ሰው ቢደውልልዎ፣ ስልክ ቁጥርዎን የሰጠው ያው የመጀመሪያው አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል።