ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ ሕንፃ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደሴ ነው የምናገረው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ከተማችን እድገት ነው።

ደሴ ባለችበት ትቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። ልጆቻችን ቤትም ሥራም ይፈልጋሉ፤ ፎቁም ይሠራ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ፎቁ ከመንገዱ ጋር የሚገናኝበት ወለል ነው።

ፒያሳ ያሉትን የቆዩ ሱቆች ተመልከቱ። በራቸው ቀጥታ ወደ እግረኛው ይከፈታል፤ ከፊታቸው ቆርቆሮ የለበሰ በረንዳ አለ። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ደንበኛውም መንገደኛውም እዚያ ይጠለላል። ባለሱቁ በርጩማ ያቀርባል፤ «አብሽሩ፣ አሁን ያባራል» ይላል፤ ወሬ ይጀመራል። ዱቤ የሚጠየቀው፣ የታመመ ሰው ወሬ የሚሰማው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። በቦታው የሚተካው ሕንፃ ግን ብዙ ጊዜ ፊቱ መስታወት፣ በሩ አንድ፣ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፤ ደጁ ላይ ጥበቃ ቆሞበታል። ዝናብ የሚያስጠልል ጥግ እንኳ የለውም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽን ቅርስ ብለን እንሳሳለታለን፤ ደግ አደረግን። ለበረንዳው የሚሟገትለት ግን አላየሁም።

ሌላው ተዳፋቱ ነው። ከተማችን በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የመሬት መንሸራተትም ያሰጋታል። ዳገት ላይ ባሉት የቆዩ ሰፈሮች ቤቶቹ መሬቱን ተከትለው ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ፤ ከላይኛው ቤት ደጅ ሆኖ የታችኛውን ጣሪያ አሻግሮ ተራራውን ማየት ይቻላል። ዳገቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሲቆረጥና የጎርፍ መውረጃው ሲደፈን፣ የሚጠፋው እይታው ብቻ አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከታች ያለው ጎረቤት በስጋት ያድራል።

ደግሞስ ሁሉን ነገር ደሴ ላይ መደራረብ ለምን አስፈለገ? 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ኮምቦልቻ አለች፤ ሜዳ አላት፣ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ትልልቁ መጋዘንና ፋብሪካ እዚያ ቢያርፍ ለሁለቱም ይበጃል። የቦርከናን ወንዝ ግን አደራ፤ ደሴ የደፋችው ሁሉ ኮምቦልቻ ይደርሳል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ባለድርሻ አካላት በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፉ ይደነግጋል። ስለዚህ ለውይይት ስንጠራ እንሂድ፤ የካሳውን ነገር ጠይቀን ብቻ አንመለስ። በሩ ወደየት ይከፈታል? በረንዳ አለው ወይ? ውሃው በየት በኩል ይወርዳል? ቦታውን የለቀቀው ባለሱቅ፣ ሕንፃው ሲያልቅ አቅሙ በሚችለው ኪራይ ወደ ምድር ወለሉ ይመለሳል ወይ? መልሱም በቃል ሳይሆን በፕላኑ ላይ ተጽፎ ይሰጠን።