ጥያቄው ሳይገደብ ስዊቹ ቢፈጥን ምን ሊረባን
(በምህንድስና ምሩቃን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ የተመረቃችሁ ታናናሾቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ መረጃ ማዕከል በጠቅላላው እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። ስለ ማቀዝቀዣውና ስለ መብራቱም ሁለት ቃል ማለቴ አይቀርም። የመጣሁት ግን ለአንድ ጉዳይ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የጨረታ ሰነድ ጽፋችኋል፤ ያልጻፈውም ፈርሟል። በየሰነዱ «ፍጥነቱ 100 ጊጋቢት የሆነ ስዊች» ይባላል፤ ስዊች ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ እያገናኘ መረጃቸውን የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ኮምፒውተሮቹ በዚያ ስዊች በኩል የሚልኩትን «መረጃ ላኩልኝ» የሚል ጥያቄ ማን፣ በምን ልክ እንደሚገድበው የሚናገር መስመር ግን ፈልጌ አጥቻለሁ።

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የገጠመውን ላጫውታችሁ። አንዳንዶቻችሁ እዚያው ነበራችሁ፤ ገና ሳልጀምረው ስትስቁ አያለሁ። በአንድ ስዊች ላይ በርካታ የማከማቻ ሰርቨሮችና የስሌት ኮምፒውተሮች ተሰክተዋል። ጠዋት ጠዋት አንዷ ኮምፒውተር የሌሊቱን የሳተላይት ምስል ለመተንተን ከሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታነባለች። በዚያ ሰዓት ቤቱ ሁሉ ቀጥ ይላል። ከዚያ ሥራ ጋር ምንም የማይገናኝ ተመራማሪ አምስት መስመር የሌላትን ፋይል ከፍቶ ቡና ሊጠጣ ይወርዳል፤ ሲመለስም ፋይሏ አልተከፈተችም።

ምን ተደረገ? ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጨረታ ወጣ፣ አራት እጥፍ የሚፈጥን ስዊች ተገዛ። የሰርቨሮቹም ኬብል አብሮ ተቀየረ። ሪባን ተቆርጦ ፎቶ ተነሡ። የዚያች ኮምፒውተር ኬብል ግን የድሮው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ነገሩ ባሰበት!

ስሩን ያገኘው አንድ ወጣት ቴክኒሻን ነው። የስዊቹን ቆጣሪዎች ከፍቶ ሲያይ፣ ስዊቹ ለሰርቨሮቹ የሚልከው የ«ቁሙ» ትእዛዝ ቁጥር ዓይኑ እያየ ይሮጣል። ምላሾቹ ከየሰርቨሩ ወጥተው ወደ አንዲት ጠባብ መውጫ ይጎርፋሉ፤ መረጃ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅበት የስዊቹ ማቆያ ማህደር ይሞላል፤ ፓኬት፣ ማለትም ተቆራርጦ ከሚላከው መረጃ አንዱ ቁራጭ፣ እንዳይጠፋ ስዊቹ ሰርቨሮቹን ያስቆማል። የቆመ ሰርቨር ደግሞ ለዚያች ኮምፒውተር ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ቡና ሊጠጣ ለወረደውም ሰውዬ ይቆማል። አዲሱ ኬብል የጨመረው ቢኖር ጎርፉ ወደዚያችው ጠባብ መውጫ የሚደርስበትን ፍጥነት ነው።

የጥሪ ወረቀት ቀላል ነው፤ ሺሁን አንድ ልጅ ያድለዋል። ድንኳኑን የሚያጣብበው ተጠሪው ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ካርዶችን በሚያገናኘው መስመር፣ የአንድ ንባብ ጥያቄ ራስጌ (የሚፈለገው ምን እንደሆነ የሚገልጸው ክፍል) 12 ወይም 16 ባይት ነው፤ ይዞ የሚመጣው ምላሽ ግን እስከ 4096 ባይት ይደርሳል። እንግዲህ ምላሹ መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ልገድብ ማለት ምን ማለት ነው? መገደብ ያለበት ጥያቄው ነው፤ ያውም ከጠያቂው ደጅ ሳይወጣ።

ቴክኒሻኑም ያደረገው ይህንኑ ነው። ያቺ ኮምፒውተር ምላሽ ሳታገኝ በአንድ ጊዜ ልትልክ የምትችለውን የጥያቄ ብዛት ቀነሰ። አንድ ቁጥር ነው የቀየረው። ቤቱ ተነፈሰ። ኮምፒውተሯስ ዘገየች? አልዘገየችም፤ ኬብሏ ቀድሞውንም ሞልቶ ነበርና። የዚህ መድኃኒት ዋጋው ስንት ነው? ምንም! ሪባን ስለማይቆረጥበት ይሆን የሚናቀው?

አቅራቢዎች ሲመጡ «የእኛ ስዊች በክሬዲት ይሠራል፣ ፓኬት አይጥልም» ይሉናል። እውነት ነው፤ ክሬዲት ተቀባዩ «ይህን ያህል ቦታ አለኝ» ብሎ ለላኪው የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ላኪው ከፊቱ ባለው ማቆያ ቦታ መኖሩን ሳያውቅ አይልክም። ነገር ግን ክሬዲት የሚጠብቀው ጎረቤትን ከጎረቤት ነው። ወረፋው አይጠፋም፤ ከአንዱ ስዊች ወደ ኋለኛው እየተንከባለለ ንጹሑን ሁሉ ያስቆማል። ይህ ደግሞ የትናንት ግኝት አይደለም። የአይቢኤም ሰዎቹ ፊስተርና ኖርተን ከትራፊኩ ጥቂቱ ብቻ ወደ አንድ የማህደረ ትውስታ ክፍል ሲያዘነብል መላው መረብ እንዴት እንደሚታነቅ በ1985 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። በ1987 ደግሞ በየመግቢያው አንድ ተራ ወረፋ ብቻ ያለው ትልቅ ስዊች፣ ትራፊኩ ለሁሉም መውጫ እኩል ቢከፋፈል እንኳ፣ ከአቅሙ 58.6 በመቶ እንደማያልፍ ታይቷል፤ ፊት ያለው ሲቆም ከኋላው ያለው መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ይቆማልና። መምህሮቻችን ይህንን በጠመኔ ሥለው አስተምረውናል። ታዲያ ኮሚቴ ውስጥ ስንገባ የት ጣልነው?

የፒሲአይ ኤክስፕረስ ደንብ ራሱ ፍርዱን ሰጥቷል። መዳረሻው ላይ ያለው መሣሪያ ለምላሽ የሚሰጠው ክሬዲት ወሰን የለሽ ነው ተብሎ ይታወጃል። ይህም ማለት ምላሹን የሚያሳርፍበት ቦታ ሳያዘጋጅ ጥያቄ መላክ አይችልም። ለአንዲት ካርድ የተደነገገውን ሥርዓት ለሙሉ ማዕከል የማንጠይቀው ለምንድን ነው?

ስለ ማቀዝቀዣው፦ ማጣሪያውን አጽዱ። ስለ መብራቱ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

የምለምናችሁ ይህንን ነው። በሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ላይ አቅራቢው ብዙ ሰርቨሮች ወደ አንድ መውጫ እየላኩ፣ በጎን ያለ ሌላ ንባብ ምን ያህል እንደሚዘገይ በፊታችን ለክቶ እንዲያሳይ ይጻፍ። የቆጣሪዎቹ ንባብም ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይያያዝ። ረቂቁን አዘጋጅቼ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ በሚደረገው የቴክኒክ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ድምፅ ይሰጥበታል።

አመሰግናለሁ።