በረዶ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፦ በአውሮራ፣ ኮሎራዶ ለተራራ ተጓዦች የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከአውሮራ በአይ-70 ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ገደማ ስትነዱ በረዶ የለበሰው ተራራ መሃል ትገባላችሁ። በብርድ ወራት ልጆቻቸውን በስሌድ የሚያንሸራትቱ፣ ስኖውሹ (በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጡ ከጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ) አስረው የሚጓዙ፣ ስኪም የለመዱ ወገኖቻችን እየበዙ ነው፤ ደስ ይላል። የዛሬው ነገራችን ግን ስለ በረዶ ናዳ ነው፤ ያውም ትኬት ተቆርጦ በሚገባበት የስኪ መንደር ስላለው አይደለም። እዚያ ሠራተኞች በጠዋት ተነሥተው ናዳውን በፈንጂ ቀድመው ያወርዱታል። ከዚያ ክልል ውጭ ያለውን ተራራ ማንም አይጠብቀውም፤ ናዳውንም የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ተጓዡ ራሱ ነው። ሰው ከሞተባቸው የበረዶ ናዳ አደጋዎች በአሥር ዘጠኙ ገደማ ናዳውን ያስነሳው ሟቹ ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው።

የኮሎራዶ በረዶ የራሱ ጠባይ አለው። በጥቅምትና በኅዳር የሚጥለው ስስ ነው። ከሥሩ መሬቱ ሙቀት እንደያዘ ነው፤ ከላይ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ይቀዘቅዛል። በዚህ መካከል ከታች ወደ ላይ የሚወጣው እንፋሎት የበረዶውን ቅንጣት ወደ ትልልቅ፣ ማዕዘን ወዳላቸው ፍሬዎች ይለውጠዋል። ፍሬዎቹ አይያያዙም፤ ብትዘግኗቸው እንደ ስኳር በጣታችሁ መካከል ይፈስሳሉ። ከዚያ በታኅሣሥና በጥር የሚጥለው፣ ነፋስም እየገፋ የሚከምረው በረዶ ከላይ ጠንካራ ንጣፍ ይሆናል። ሰው ሲረግጠው ከሥር ያለው ደካማው ንብርብር ይሰበራል፤ ስብራቱ በቅጽበት ወደ ጎን ይሮጥና ንጣፉ እንዳለ ተቆርጦ ይወርዳል። የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ከተጓዡ በላይ ስለሆነ ዘልሎ ማምለጥ ይከብዳል። ደካማው ንብርብር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ስለዚህ «በረዶ ከጣለ አራት ቀን ሆኖታል» ማለት እዚህ አገር ዋስትና አይሆንም። ጩኸት ናዳ ያስነሳል የሚባለው ግን ተረት ነው። የሚያስነሳው ክብደት ስለሆነ እየዘፈናችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ንጣፉ የሚናደው በማንኛውም ዳገት ላይ አይደለም። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ዳገት ላይ ነው፤ 38 አካባቢ ይበረታል። ከ30 በታች መነሣቱ ብርቅ ነው። ዓይን ያታልላልና በግምት አትሂዱ። እንደ ካልቶፖ ያለ የኢንተርኔት ካርታ ላይ የዳገት ቀለሙን ክፈቱ፦ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ቢጫ ነው፤ ከ30 ጀምሮ ብርቱካናማና ቀይ ይሆናል። ተራራው ላይ ስትደርሱ ደግሞ የእጅ ስልካችሁን የዝንባሌ መለኪያ ከበረዶው ላይ ባጋደማችሁት ዘንግ ላይ አድርጋችሁ ለኩ።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። እናንተ የቆማችሁበት ሜዳ ቢሆንም ከበላያችሁ ያለው ዳገት 35 ዲግሪ ከሆነ አደጋው ውስጥ ናችሁ። ደካማው ንብርብር ከግርጌ ቢረገጥም ስብራቱ ወደ ላይ ይሮጣል። በጫካ መካከል ዛፍ የሌለበት ቀጥ ያለ ሰንጥቅ፣ ወይም በዳገት በኩል ቅርንጫፋቸው የተመለጠ ዛፎች ካያችሁ ናዳ የሚወርድበት መንገድ ነው፤ እዚያ ምሳ አይበላም፣ ልጅም አይንሸራተትም። ፈፋና የወንዝ ሸለቆም እንዲሁ፤ ትንሽ ናዳ እንኳ እዚያ ሲከማች ጥልቅ ይሆናል።

ኤፕሪል 20 ቀን 2013 ከላቭላንድ ፓስ አቅራቢያ፣ ሺፕ ክሪክ በተባለ ቦታ የሆነውን አስቡ። ስድስት ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የዕለቱን ማስጠንቀቂያ ያውቁታል፤ መሣሪያም ይዘዋል። አደገኛውን ዳገት ለመሸሽ ብለው በግርጌው ሲያልፉ ናዳው ከበላያቸው ተቆረጠ። ስድስቱም በአንድ ጊዜ መንገዱ ውስጥ ስለነበሩ ሌላውን ሊቆፍር የሚችል ሰው አልቀረም። አምስቱ ሞቱ። እንዲህ ያለውን ቦታ መሻገር ግድ ከሆነ አንድ በአንድ ነው፤ ሌሎቹ ከአደጋው ውጭ ቆመው ዓይናቸውን ከተሻጋሪው አይነቅሉም። እኛ ደግሞ ተጠጋግቶና እየተጫወቱ መሄድ እንወዳለን። መጫወቱን ለመኪናው አቆዩት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይሉኝታችን ነው። ጋሽ እገሌ ከፊት እየመሩ ማን «እንመለስ» ይላል? ሁለት ሰዓት ተነድቶ ተመጥቶ፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ፣ የፈራው ሰው ዝም ይላል። ሌላውም ፈርቶ ዝም ብሏል። ስለዚህ ደንቡን መኪና ሳይነሣ ተስማሙበት፦ ከቡድኑ አንድ ሰው፣ የሁሉም ታናሽ ቢሆን እንኳ፣ «አልተመቸኝም» ካለ ሁሉም ይመለሳል። ምክንያት አይጠየቅም፣ በኋላም አይቀለድበትም። ትልልቆቹ «ማን አልተመቸውም?» ብላችሁ ቀድማችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ለትንሹ ይቀልለዋል።

ኮሎራዶ አቫላንች ኢንፎርሜሽን ሴንተር (የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል) የነገውን የናዳ ትንበያ ከሰዓት በኋላ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 4፡30 ላይ ያወጣል። የአደጋው ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 መሃል ስለሆነች ቀላል ትመስላለች፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በእሷ ቀን ነው፤ በ4 እና በ5 ሰው ከቤቱ አይወጣማ። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፤ በየትኛው አቅጣጫና ከፍታ ያለው ዳገት እንደሚያሰጋም ተጽፏል። መንገድ ላይ አዲስ የወረደ ናዳ ካያችሁ፣ ከእግራችሁ ሥር በረዶው «ዉምፍ» ብሎ ከሰጠመ፣ ወይም ስንጥቅ ከፊታችሁ ከሮጠ ትንበያው ምንም ይበል ወደ ለዘብተኛው መሬት ተመለሱ።

መሣሪያው ሦስት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሦስቱንም ይይዛል። ቢከን የተቀበረ ሰው እንዲገኝ በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚያስተላልፍ፣ የሌላውንም ምልክት የሚፈልግ ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ ከጃኬት ሥር ይታሰራል እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ቦርሳን ናዳ ይነጥቃል። ስልክ፣ ቢከኑ ሲያስተላልፍ 20፣ ቢከኑ ሲፈልግ 50 ሴንቲሜትር ከእሱ ይራቅ፤ ምልክቱን ያዛባዋል። ከዚያ ቢያንስ 240 ሴንቲሜትር የሚሆን መውጊያ ዘንግና የብረት አካፋ። የፕላስቲክ አካፋ አይሆንም፤ ናዳ ሲቆም ይጠጥርና ይሰብረዋል።

ሰው ከተቀበረ የመጨረሻ የታየበትን ቦታ ያዙና ሁሉም ቢከኑን ወደ ፍለጋ ይቀይር። አንድ ሰው ማስተላለፉን ማቆም ከረሳ ፍለጋው ወደ እሱ ይሄዳል። ቢከኑ የሚያሳየው የርቀት ቁጥር ሲያንስ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ በመጨረሻ ቢከኑን በረዶው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ትንሹን ቁጥር ፈልጉ። ከዚያ ነጥብ ጀምራችሁ በ25 ሴንቲሜትር ልዩነት እየዞራችሁ ውጉ። ዘንጉ ሰው ሲነካ አትንቀሉት። ቁፋሮው ከዘንጉ ሥር ሳይሆን የጥልቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ወደ ቁልቁለቱ ወርዶ ይጀምራል፤ ከላይ ከቆፈራችሁ የተቀበረውን ትረግጡታላችሁ፣ በረዶውንም የምትጥሉበት ታጣላችሁ። ፊቱ እንደተገኘ አፉን ጠርጉ፣ ደረቱን ነጻ አድርጉ።

በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተስፋው እጅግ ይመነምናል። ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ አይደርስም። ሰው ከበዛ አንዱ ወዲያው 911 ይደውል፤ ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ ፈልጉ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አማርኛ» በሉና ጠብቁ፤ ብዙዎቹ ማዕከላት በስልክ አስተርጓሚ ያስገባሉ። ገንዘብ ፈርታችሁ አትዘግዩ፦ በኮሎራዶ የነፍስ አድን ቡድኖች ለፍለጋ አያስከፍሉም፤ የሚያስከፍለው አምቡላንሱና ሕክምናው ነው።

ቢከን ከስኪ መሣሪያ መደብሮች በኪራይ ይገኛል፤ ነገር ግን ሳይለማመዱ መያዝ ጥቅም የለውም። አሁን ውጭ ሣሩ ላይ ሁለት ቢከን በከረጢት ደብቀናል። ኮታችሁን ልበሱ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትፈልጋላችሁ፣ ሰዓት እንይዛለን።