ቢጫው ቶሎ ያልቃል

ውድ ጎረቤቶቼ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የተጠራራነው እያንዳንዳችን የምንወደውን ነገር ለሌላው እንድናካፍል ነው። እኔ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሁለቱን ቶሎ ልበልና ሦስተኛው ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። ቅድም ስትገቡ በስፒከሩ የሰማችሁት እሱ ነው። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ። በወጣትነታቸው ደግሞ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ፤ ተራራው ላይም ለዓመታት በባዶ እግራቸው ኖሩ። ከሸክላቸው የተገኘውን ገንዘብ ወላጅ ላጡ ልጆች ሰጡ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

«የእናት ፍቅር» የሚለውን ሥራቸውን ስሰማ እጃቸው የሚታየኝ ይመስለኛል። ዜማው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያመነታል፣ እንደገና ይነሳል። ሰው እያሰበ ሲናገር እንደሚሰማው ነው። ከበሮ የለ፣ ዘፋኝ የለ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምከፍተው እሱን ነው።

ሁለተኛው ዘጋቢ ፊልም ነው። «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ይባላል፤ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በፊስቱላ የተጎዱ አምስት ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ይከተላል። ምጥ ለቀናት ሲቆይባቸው የተጎዱ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው የራቁ ሴቶች ናቸው። አዲስ አበባ የሚያክማቸው ሆስፒታል የነዶክተር ካትሪን ሃምሊን ነው። ዶክተር ካትሪንና ባለቤታቸው በ1959 እ.ኤ.አ. ለሦስት ዓመት ሥራ ብለው መጡ። በዚያው ቀሩ። ዶክተር ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. ያረፉትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ፊልሙን ለብቻችሁ አትዩት። እኔ ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት። ካለቀ በኋላ ስለ ወሊዷ የነገረችኝን፣ ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ አንስታው አታውቅም ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው።

ይህቺን ወረቀት ታያላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ባታዩዋት ልንገራችሁ። ከደብተር መሃል የወጣች ድርብ ቅጠል ናት። ለሁለት ስትታጠፍ ካርድ ትሆናለች። ፊት ለፊቷ ላይ ዓይን ያላት ፀሐይ አለች። ከሥሯ ሦስት አደይ አበባ። ውስጧ «እንኳን አደረሰሽ» ይላል። «ሽ» ቦታ አጥታ ብቻዋን ታች ወርዳለች።

የሳልኳት እኔ ነኝ፣ በሰባት ዓመቴ። እኛ ሰፈር የእንቁጣጣሽ ሥዕል የወንዶች ነበር። እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ እንጨፍራለን፤ እነሱ ሥዕል ይዘው በር ያንኳኳሉ። እኔ ግን መሳል እወድ ነበር። ስለዚህ ጳጉሜን ሙሉ ለወንድሜ እስልለታለሁ፤ እሱ ያድላል፣ ያገኘውንም ሳንቲም እኩል ያካፍለኛል። ይህቺን አንዷን ግን ለእሱ አልሰጠሁትም። ለአያቴ ራሴ ሰጠኋት።

ከከለሩ ሁሉ ቶሎ የሚያልቀው ቢጫው ነበር። አደይ በቢጫ ነው፣ ፀሐይ በቢጫ ነው፣ የችቦው ነበልባል በቢጫ ነው። ሲያልቅብን ወንድሜ ከግቢው አጥር ሥር አደይ ይቀጥፋል። አበባውን ወረቀቱ ላይ በጣታችን እንፈትገዋለን። ይኸው፣ ይቺ መሃለኛዋ አበባ እንደዚያ የተቀባች ናት። ዛሬ ቡኒ ሆናለች። አያቴ ስታርፍ የብስኩት ቆርቆሮዋን ስንከፍት፣ ከመታወቂያዋና ከዕድር ደብተሯ ጋር አገኘናት።

በቴሌግራም የሚዞረውን የአበባ ምስል አልነቅፍም። እኔም እልካለሁ፤ ሲላክልኝም ደስ ይለኛል። ግን አንዱንም አስቀምጬው አላውቅም። ልጆች ፎቶኮፒ የተደረገ ሥዕል ይዘው ሲመጡም ሳንቲሙን እሰጣለሁ። ከዚያ «አንተ ራስህ የሳልከው የለህም?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ባለፈው ዓመት ሮጦ ሄዶ አመጣልኝ። ዶሮ ነበረች። አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለች።

ወንድሜ ዛሬ የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በየዓመቱ አንድ ካርድ እሠራና በሚሄድ ሰው እልክለታለሁ። አንዴ ሻንጣ ውስጥ ተረስቶ ኅዳር ላይ ደረሰው። ደወለልኝና «እንቁጣጣሽ ዛሬ ገባ» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ካርዱ በእጁ እንዳለ አወቅኩ።

እንግዲህ ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል። ወረቀት አለ፣ መቀስ አለ፣ ሙጫ አለ። ልጆች፣ አጠገባችሁ ላለው ትልቅ ሰው ቦታ ልቀቁለት፤ መሳል ከተወ ቆይቷልና አሳዩት። አባቶች፣ «እጄ ሥዕል አይችልም» ማለት የለም፤ ፀሐይ ክብ ናት። የምትልኩለትን ሰው ስም መጀመሪያ ጻፉ፣ ቦታ እንዳያጥራችሁ። ቢጫ ከለር አብዝተን ገዝተናል።