ኮላው የለቀቀ ክንፍ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ክረምት የቁም ሳጥኔ በር እጄ ላይ ቀረ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነበር። ውስጡን ግን ኮምፔርሳቶው እርጥበት ጠጥቶ ኮላው ለቋል። አናጺው እየሳቀ "ይሄ እኮ ከጀመረው ቆይቷል" አለኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ አንድ አውሮፕላን ትዝ አለኝ።

ማርች 31 ቀን 1931 ነው፣ በፈረንጆቹ። አንዲት ፎከር ኤፍ-10 ከካንሳስ ሲቲ ወደ ሎስ አንጀለስ ተነሳች። የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ ደብሊው ኤ ናት፣ ባለ ሦስት ሞተር። ክንፏ ግን እንጨት ነው። አዎ፣ እንጨት! ኮምፔርሳቶ የለበሰ፣ በኮላ የተጣበቀ። ካንሳስ ግዛት ውስጥ፣ ባዛር የምትባል መንደር አጠገብ ስትደርስ ክንፏ አየር ላይ ተገነጠለ። የከብት ግጦሽ ላይ ወደቀች። 8 ሰው ነበር የያዘችው፤ አንድም አልተረፈም።

መጀመሪያ በረዶ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ነው ተባለ። በኋላ ወደ ክንፉ ተመለሱ። እርጥበት ገብቶ ኮላውን አድክሞታል። ይሄን ለማየት ደግሞ ሽፋኑን መላጥ ያስፈልጋል። ታዲያ ማን በየጊዜው ክንፍ ይልጣል?

ከሟቾቹ አንዱ ኑት ሮክኒ ነበር፤ የኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል አሰልጣኝ። የእነሱን ፉትቦል ማለቴ ነው፣ የኛን ኳስ አይደለም። አገር አለቀሰ። መንግሥት ያኔ የአደጋ ምርመራን ይፋ የማድረግ ልማድ አልነበረውም። ሕዝቡ "ንገሩን!" ብሎ ሲጮህ ግን ግድ ሆነበት። እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ጋ ነው። ሮክኒ ያን ቀን ባይሳፈርስ? ሰባቱ ብቻቸውን ቢሞቱ ማን ይጮህላቸው ነበር?

ቲ ደብሊው ኤ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አውሮፕላን ፈለገ። የዳግላስ ኩባንያ ዲሲ-1ን ሠራለት፤ እሷን ዲሲ-2፣ ከዚያ ዲሲ-3 ተከተሉ። የዲሲ-3 ወታደራዊ እህት ሲ-47 ናት። በፈረንጆቹ 1946 የኛ አየር መንገድ፣ ያውም በቲ ደብሊው ኤ እገዛ፣ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ የገባችው እሷ ነች። ይሄን ሳውቅ ደነገጥኩ፣ አልዋሽም።

አደጋው ቦታ ከደረሱት መሀል አንድ የ13 ዓመት የገበሬ ልጅ ነበር። እዚያው አካባቢ አደገ፣ እዚያው አረጀ። ቦታውን ልይ ብሎ የመጣን እንግዳ ሁሉ በግጦሹ መሀል እየመራ ሐውልቱ ድረስ ይወስድ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ሮክኒን ብሎ ነው።