ሽንት ሳይመረመር «ኩላሊትህ ደህና ነው» አይባል

ውድ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አላችሁ?

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው በዓመት ቢያንስ አንዴ ደሙም ሽንቱም ይመርመር። አንዱ ብቻ አይበቃም።

ኩላሊት በስኳርና በግፊት ሲጎዳ አያምም። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይሄ ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ጥቂቶቹ ከሥራ ሲወጡ የቀሩት ደርበው ይሠራሉ። ሰውየው ይበላል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ምንም አይሰማውም። እግሩ ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

«እኔ እኮ ተመርምሬያለሁ፣ ክሬቲኒኔ ኖርማል ነው» የምትሉኝ አላችሁ። መመርመራችሁ እሰየው! ግን ክሬቲኒን፣ ማለትም ከጡንቻ የሚመነጨውና ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ ብቻውን ያዘናጋል። የማጣራት አቅም ወደ ግማሽ እስኪወርድ ቁጥሩ ኖርማል ሊመስል ይችላል፤ በተለይ ጡንቻቸው በሳሳ አረጋውያን ላይ። ስለዚህ ከክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ተሰልቶ የሚወጣውን የማጣራት አቅም ጠይቁ። በደቂቃ ከ60 ሚሊሊትር በታች ሆኖ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ነው።

ሽንት ብዙ ጊዜ ከዚያም ቀድሞ ይናገራል። ጤነኛ ማጣሪያ አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን እምብዛም አያሳልፍም። ሲጎዳ ማፍሰስ ይጀምራል። ለአንድ ግራም ክሬቲኒን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ አልቡሚን ሽንት ውስጥ ከተገኘ ነገሩ መታየት አለበት። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከባድ ስፖርትም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። እና አንዴ ታይቶ አይደነገጥም፤ ምርመራው ይደገማል። ተራው የሽንት ምርመራ ትንሹን መጠን ሊያልፈው ስለሚችል፣ «የአልቡሚን» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ ምርመራውን ይጀምር። ስኳሩ ሳይታወቅ ለዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላልና። ዓይነት 1 ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ቀድሞ ከተደረሰበት ብዙ የሚደረግ ነገር አለ። ግፊትና ስኳርን ማስተካከል አለ። እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉ የግፊት መድኃኒቶች፣ ከስኳር መድኃኒቶችም እነ ዳፓግሊፍሎዚን ጉዳቱን ያዘገያሉ። ዳያሊስስን፣ ማለትም ደምን በማሽን ማጣራትን፣ ለዓመታት ማራቅ ይቻላል! ኩላሊትን ሊጎዱ የሚችሉትን የሕመም ማስታገሻዎች፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ግን፣ እባካችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ አትዋጡ።

የሙያ አጋሮቼ፣ ለእናንተም ልመና አለኝ። የታካሚውን ካርድ ስንገልጥ የግፊቱ ቁጥር አለ፣ የስኳሩም አለ። የሽንት አልቡሚን ቦታው ባዶ ከሆነ ታካሚው እስኪጠይቀን አንጠብቅ፤ በዚያው ቀን እንዘዝለት።

አመሰግናለሁ።