«ወልጄ ነው» ብላችሁ አትተዉት

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ቡና ላይ እንኳ ስለማይነሳ ነገር ነው። ስትስሉ፣ ስታስነጥሱ፣ ጀሪካን ስታነሱ ጠብ ስለሚለው ሽንት።

እዚህ ደሴ ምርመራ ክፍል የሚገቡ እናቶች መጀመሪያ የሚነግሩኝ ወገባቸውን ነው። ሊወጡ በሩን ይዘው፣ ዞር ይሉና «ደሞ ሽንቴ ያመልጠኛል» ይላሉ። አንዷ ውዱእ አድርጋ ሶላት ስትቆም ጠብ ይልባትና እንደገና ትታጠባለች። ሌላዋ ቅዳሴ መቆም ትታለች። ይሄ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ሕክምና አለው።

በወሊድና በዕድሜ የሽንት ቧንቧውን ከሥር የሚደግፈው ጡንቻና ጅማት ይላላል። ሆድ ሲወጠር ቧንቧው አጥብቆ አይዘጋም። እርግማን አይደለም። ቀን ከሌት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ፊስቱላ፣ ማለትም በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ይታከማል፣ ቶሎ ኑ።

ወደ ኦፕራሲዮን አትሩጡ። መጀመሪያ ሽንት የምትይዙበትን ጡንቻ ጨመቅ፣ ለቀቅ አድርጉ። በአንድ ዙር 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ቡናው እስኪፈላ ተቀምጣችሁ ትሠሩታላችሁ፤ ማንም አያውቅባችሁም።

አልሻል ካለ ኦፕራሲዮን አለ። አንደኛው ከፊኛው አንገት አጠገብ ያለውን የብልት ግድግዳ በስፌት ወደ ላይ ያነሳል። ሌላው ከራሷ ከታካሚዋ ሆድ ላይ ጠንካራ ሽፋን ቆርጦ ከቧንቧው ሥር እንደ መቀነት ያሳልፋል። ሦስተኛው በሰው ሠራሽ መረብ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ በዓለም ላይ ብዙ ሴቶች ተሠርተውበታል፤ አጭርና ቀላል ነው፣ ብዙዎቹም ድነዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን መረቡ ሥጋ በስቶ ወጥቷል፣ የማይለቅ ሕመምም ትቷል። እንግሊዝ በ2018 በፈረንጆቹ ለጊዜው ያገደችው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙን አትፈሩት፣ ጠይቁት። የትኛውን ነው የምትሠራልኝ? መረብ አለው? ቢያስቸግረኝ ይወጣል? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሽንት አልወጣ ቢለኝስ? ገና መውለድ የምታስቡ ከሆነም ንገሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወልዶ ከጨረሱ በኋላ መሠራቱ ይመረጣል።

ባሎችም ካላችሁ ስሙኝ፦ ሚስት ብቻዋን አትምጣ፣ አብራችኋት ኑ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። በሰው ፊት የከበዳት ደግሞ ስንጨርስ እዚሁ እቆያለሁ፣ ለብቻዋ ትምጣ። አብሽሩ።